ግድግዳው ሳይዘጋ

(ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ውስጥ አዲስ ቤት ለማሠራት ለተዘጋጁ ወገኖች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። የቅዳሜ ቀናችሁን ትታችሁ ስለ ግድግዳ ሆድ ዕቃ ልትሰሙ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ እዚህ ያቆመኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። አንድ ወንድሜ ደወለልኝ። ወንድሜ ስል የእናቴ ልጅ ማለቴ አይደለም፤ እዚህ አብሮን የኖረ የአገር ልጅ ነው። እሱና ባለቤቱ ቤቱን የሚሠራላቸው ድርጅት፣ ቢልደሩ፣ ቢሮ ቁጭ ብለዋል። ፊታቸው የአፕግሬድ፣ ማለትም ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚሻሻል ነገር፣ ዝርዝር ተዘርግቷል። የኩሽናውን ድንጋይ መርጠዋል። የወለሉን እንጨት መርጠዋል። መጨረሻው ገጽ ላይ «የኢንሱሌሽን ፓኬጅ» የሚል አገኙ፤ ኢንሱሌሽን ግድግዳና ጣሪያ ውስጥ ገብቶ ሙቀት እንዳይወጣ የሚይዘው ነገር ነው። ለአቲኩ፣ ማለትም ከጣሪያው ክዳን ሥር ላለው ባዶ ቦታ፣ 900 ዶላር፣ ለውጭ ግድግዳው 4000 ዶላር። በድምሩ 4900።

«እንውሰደው ወይስ ይቅር?» አለኝ። «ሃያ ደቂቃ ነው የሰጡን።»

በሃያ ደቂቃ የምመልሰው ጥያቄ አልነበረም። «ቀጠሮ ጠይቁና ውጡ» አልኩት። ወጡ። ማታ ቤታቸው ሄጄ ቡና እየጠጣን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። ያን ማታ ያወራነውን ነው ዛሬ የማወራችሁ።

በዚህ ሙያ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ አቲክ ውስጥ በሆዴ እየተሳብኩ ኢንሱሌሽን እነፋ ነበር። አሁን ደግሞ ቤቶች ምን ያህል አየር እንደሚያሾልኩ እለካለሁ። የምነግራችሁ በእጄ የነካሁትን ነው።

ከጋቢ ልጀምር። ጋቢ የሚያሞቀን ለምንድን ነው? ጥጡ ሙቀት አያመነጭም። ሙቀቱ የራሳችን ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ በእጥፎቹና በክሮቹ መሃል አየር ይዞ ይቀመጣል። ያ የማይንቀሳቀስ አየር ነው ሙቀታችንን የሚያቆይልን። ኢንሱሌሽንም ሌላ ምሥጢር የለውም። ሮዝና ቢጫው ፋይበርግላስ፣ ከተፈጨ ጋዜጣ የሚሠራው ግራጫው ሴሉሎስ፣ የሚረጨው ፎም፣ የሁሉም ሥራ አየርን ወይም ጋዝን በጥቃቅን ክፍተት አስሮ መያዝ ነው።

አሁን ያንኑ ጋቢ ለብሳችሁ ነፋስ የሚመታው ኮረብታ ላይ ቁሙ። ነፋሱ ሰንጥቆ ይገባል። አራት እጥፍ መሆኑ አያድናችሁም። ከላይ ስስ የዝናብ ልብስ ብትደርቡበት ግን ወዲያው ትሞቃላችሁ። ስሱ ፕላስቲክ ለብቻው አያሞቅም። ጋቢው ሥራውን እንዲሠራ ነው የሚያደርገው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የሣር ክዳን ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ፀሐይ ስታነድድ ውስጡ እንዴት ቀዝቃዛ እንደሆነ ያውቃል። ቆርቆሮ ሲመጣ ዝናቡን ከለከለ፤ ሙቀቱንና ብርዱን ግን አሳለፈ። ብዙዎቻችን የመጣነው ከቆርቆሮ ቤት ነው። ግድግዳ ውስጥ ምን አለ ብለን ጠይቀን አናውቅም። ሌሊት ቢበርድ አንድ ነገር ይደረባል፣ አለቀ። እዚህ ግን ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ፋራናይት ገባች። በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 33 መሆኑ ነው። ያን ቀን በመደረብ የሚያልፍ አልነበረም።

የኢንሱሌሽን አቅም የሚለካው አር ቫልዩ በሚባል ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ሙቀት ለማለፍ ይቸገራል። በሚኒሶታ የ2015ቱ የመኖሪያ ቤቶች ኢነርጂ ኮድ፣ ማለትም የግንባታ ደንብ፣ እኛ ባለንበት በደቡቡ ክፍል፣ ለአቲክ አር 49፣ ለግድግዳ አር 20 ይጠይቃል። ስለዚህ ቢልደሩ «አፕግሬድ» ሲላችሁ ባዶ ግድግዳ ሊሞላላችሁ አይደለም። ያ በሕግ ግዴታው ነው። የሚሸጥላችሁ ከኮዱ በላይ ያለውን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገጣል። «አፕግሬዱን ካልወሰድን ልጆቻችን ሊበርዳቸው ነው» ይላል። ረጋ በሉ።

እንጀራ ለሁለት ቁረሱ። የደረሳችሁ ግማሽ እንጀራ ነው። የቀረውን ደግሞ ለሁለት ቁረሱ። አሁን የደረሳችሁ ሩብ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስትቆርሱት አንድ ሁለት ጉርሻ ነው የሚወጣው። አር ቫልዩም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ በእጥፍ ሲያድግ የሚያልፈው ሙቀት በግማሽ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ግማሽ ትልቅ ነው። ኋላ ላይ የሚመጣው ግን ትንሽ ነው፤ ዋጋው ግን አይቀንስም።

በቁጥር ላሳያችሁ። 1200 ስኩዌር ፊት አቲክ እንውሰድ። በእኛ ከተማ ቅዝቃዜ ሳሰላው፣ አር 10 ቢሆን በዓመት 216 ቴርም ሙቀት በጣሪያው ይወጣል። ቴርም ማለት የጋዝ ቢላችሁ ላይ ያለው መለኪያ ነው። አር 20 ስናደርገው 108 ይሆናል። አር 49 ላይ ወደ 44 ይወርዳል። አፕግሬዱ የሚያደርሰን አር 60 ላይ 36 ነው። አያችሁ? ከ10 ወደ 20 ስንሄድ 108 ቴርም አተረፍን። ከ49 ወደ 60 ስንሄድ 8 ቴርም። አንድ ቴርም ጋዝ 1 ዶላር ነው ብለን እናስላው፤ እናንተ ከራሳችሁ ቢል ላይ ታዩታላችሁ። ማሞቂያው የሚያባክናትን ትንሽ ስንጨምርባት በዓመት 9 ዶላር ገደማ ትሆናለች።

ለ9 ዶላር 900 ዶላር። መቶ ዓመት ነው የሚፈጀው።

የወንድሜ ባለቤት ይህን ስትሰማ ሲኒዋን አስቀመጠች። «እና ምኑን ነው አፕግሬድ የሚሉት?» አለች። ጥያቄዋ ልክ ነበር።

ግድግዳው ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ወረቀቱ አር 20 ይላል። ግድግዳው ግን ሙሉውን ኢንሱሌሽን አይደለም። ቋሚ እንጨቶች አሉት፤ በበርና በመስኮት ዙሪያ ደግሞ ይበዛሉ። ሩብ ያህሉ እንጨት ነው። እንጨት ከፋይበርግላስ ይልቅ ብርድ ያሳልፋል። ሁለቱን አዋሕደን ስናሰላው ያ አር 20 ግድግዳ ወደ 17 ይወርዳል። 4000 ዶላር የተጠየቀበት ፎም ከውጭ በኩል ሙሉ ቤቱን ይሸፍናል። አር 5 ነው፤ እንጨቱንም ስለሚያለብሰው ግድግዳው ወደ 22 ይወጣል። 2200 ስኩዌር ፊት ግድግዳ ላይ ይህ በዓመት 64 ዶላር ጋዝ ያድናል። ከአቲኩ በጣም ይሻላል። ግን 4000 ዶላር ነው።

አሁን ሞርጌጁን፣ የቤቱን ብድር፣ እናምጣ። ሰው «ሞርጌጁ ውስጥ ስለሚገባ አይታወቅም» ይላል። ይታወቃል። 4900 ዶላር በ6.5 ፐርሰንት ለ30 ዓመት ስትበደሩት በወር 31 ዶላር ነው። ጠቅላላ ፓኬጁ ደግሞ በወር 6 ዶላር ነው የሚያድነው። 31 እየከፈላችሁ 6 ታተርፋላችሁ።

ይህ በጋዝ ለሚሞቅ ቤት ነው። የጋዝ መስመር የማይደርስበት ራቅ ያለ ቦታ የምትሠሩ ካላችሁ፣ እባካችሁ የእኔን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት። በፕሮፔን የምታሞቁ ከሆነ ያው ሙቀት ከእጥፍ በላይ ያስከፍላችኋል። በተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሆነ፣ የአንድ ቴርም ያህል ሙቀት 29 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በ15 ሳንቲም ሂሳብ 4 ዶላር ተኩል ገደማ ነው። ያኔ ያው ፓኬጅ በወር 25 ዶላር ያድናል። ከ31ዱ ጋር ሊቀራረብ ነው። የኤሌክትሪክ ዋጋ ከጨመረ ደግሞ ይበልጠዋል። ስለዚህ «ልውሰደው ወይስ ይቅር?» ከማለታችሁ በፊት «ቤቱን የሚያሞቀው ምንድን ነው?» በሉ። መልሱን ግማሽ መንገድ ያደርሳችኋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰምታችሁ «ኢንሱሌሽን ዋጋ የለውም አለ» ብላችሁ እንዳትሄዱ። እንደዚያ ከሄዳችሁ ንግግሬ ተበላሽቷል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከውፍረቱ በፊት አሠራሩን ግዙ።

አሁንም ያችን 1200 ስኩዌር ፊት አቲክ እናምጣ። አር 49 ተነፍቶበታል። አንድ ቦታ ላይ ግን 12 ስኩዌር ፊት ተረስቷል። ከመቶ አንድ እጅ ማለት ነው። የምግብ ጠረጴዛ ያህል ናት። ምናልባት ወደ አቲክ የሚወጣበት ክዳን ነው፤ ምናልባት ሠራተኛው መድረስ ያቃተው ጥግ ነው። እዚያ ያለው የኮርኒሱ ጂፕሰም ሰሌዳ ብቻ ስለሆነ አር 2 ነው። የአቲኩ አማካይ ስንት ይሆናል? 40። ከ49 ወደ 40! በ900 ዶላር 11 አር ሊሸጡላችሁ ነበር። አንድ የተረሳ ጥግ በነፃ 9 ይወስድባችኋል።

ይህን ያገኘሁ ጊዜ ራሴ ሁለት ጊዜ ደግሜ ነው ያሰላሁት። ሙቀት ቀዳዳ ይፈልጋል። ዙሪያው ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ግድ የለውም።

አሁን ወደ ዝናብ ልብሱ እንመለስ። ቤት ላይ የዝናብ ልብሱ ስንጥቆችን መድፈን ነው። ሽቦ ያለፈበት ቀዳዳ፣ ቧንቧ ያለፈበት ቀዳዳ፣ የመብራት ሳጥን ዙሪያ፣ ግድግዳው ከመሠረቱ ጋር የሚገናኝበት። እነዚህ አንድ በአንድ በፎምና ኮክ በሚባለው የስንጥቅ መድፈኛ ማጣበቂያ ይደፈናሉ። ቤቱ ሲያልቅ ብሎወር ዶር በሚባል መሣሪያ ይለካል። በሩ ላይ ትልቅ ፋን ይገጠማል፤ የቤቱን አየር ወደ ውጭ ይጎትታል። ያኔ የውጭው አየር ባገኘው ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። ያን ጊዜ ቤቱን እየዞራችሁ እጃችሁን ሶኬት ላይ ብታደርጉ፣ አንድ ሰው ከግድግዳው ውስጥ እፍ የሚልባችሁ ይመስላችኋል። ሰዎችን እጃቸውን ይዤ አስነካቸዋለሁ። ያኔ ነው የሚገባቸው።

የሚወጣው ቁጥር ፋኑ በሚፈጥረው ግፊት የቤቱ አየር በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚቀየር ይናገራል። ኮዱ ከ3 እንዳይበልጥ ይላል። በጣም ጥብቅ የሆነው የፓሲቭ ሃውስ መለኪያ 0.6 ነው። እኔ የምላችሁ በመሃል ነው፤ ለተራ ቤተሰብ 1.5 ይበቃል። 20000 ኪዩቢክ ፊት አየር የሚይዝ ቤት ከ3 ወደ 1.5 ቢወርድ፣ በእኔ ግምት በዓመት 60 ዶላር ገደማ ጋዝ ያድናል። ያ የ4000 ዶላሩ ፎም ከሚያድነው ጋር እኩል ለእኩል ነው። የሚያስፈልገው የጥቂት መቶ ዶላር ፎምና ኮክ፣ እንዲሁም አንድ ቀን ልብ ብሎ የሚሠራ ሰው ነው።

ግን ብዙ ጊዜ በአፕግሬድ ዝርዝሩ ላይ አታገኙትም። እናንተ ናችሁ መጠየቅ ያለባችሁ።

የራሴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ቤታችንን የገዛን ጊዜ ገና በሙያው ጀማሪ ነበርኩ። አዲስ ቤት ነበር፤ ከመሠረቱ ሲወጣ እያየን የተሠራ። የትልቋ ልጃችን መኝታ ከጋራዡ በላይ ነበር። ክረምት ገባ። ታኅሣሥ ላይ ልጅቷ ማታ ማታ ትራሷንና ብርድ ልብሷን እየጎተተች እኛ ክፍል መምጣት ጀመረች። ጨለማ የፈራች መስሎን ነበር። አንድ ማታ እኔ እዚያ ተኛሁ። ከዜሮ በታች 15 ፋራናይት ነበር። በእግሬ ምንጣፉን ስነካው ከእግሬ ጣት እስከ ጉልበቴ ብርዱ ወጣ። ግድግዳው ሥር እጄን ብሰድ ነፋስ አገኘሁ። ቤት ውስጥ፣ መስኮት ሳይከፈት፣ ነፋስ። ልጄ ስድስት ሳምንት እዚያ ተኝታለች።

ለቢልደሩ ደወልኩ። «አዲስ ቤት ነው፣ እስኪረጋ ነው» አሉኝ። ሁለት ወር ቆየሁ። በመጨረሻ የጋራዡን ጣሪያ ቀድጄ አየሁት። ኢንሱሌሽኑ አለ። አር ቫልዩው ልክ ነው፤ ላዩ ላይ ተጽፏል። ነገር ግን ከመኝታ ቤቱ ወለል ሥር ተጣብቆ መቀመጥ ሲገባው ወደ ታች ወርዶ ጂፕሰሙ ላይ ተኝቷል። በእሱና በወለሉ መሃል አንድ ስንዝር ባዶ ቦታ አለ። የእንጨቶቹ ጫፍ ደግሞ ወደ ውጭ ክፍት ነው። የክረምቱ ነፋስ በዚያ ገብቶ በልጄ አልጋ ሥር እያለፈ ነበር። ጋቢውን አውልቆ አጠገብ ማስቀመጥ ማለት ነው። ጋቢው አለ፤ ሰውየው ግን በርዶታል።

ለማስጠገን 2800 ዶላር አወጣን። ድራይዎሉ፣ ማለትም ግድግዳውንና ኮርኒሱን የሚዘጋው የጂፕሰም ሰሌዳ፣ ሳይገባ ቢታይ ኖሮ የሁለት ሰዓት ሥራ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው እኔም የሰው ቤት መፈተሽን ሥራዬ ያደረግሁት።

እዚህ ላይ ስለ ዋስትና አንድ ነገር ልበል። በሚኒሶታ ሕግ አዲስ ቤት ላይ የአሠራርና የዕቃ ጉድለት 1 ዓመት ዋስትና አለው። የቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ፣ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ሥራ 2 ዓመት። ከባድ የግንባታ ጉድለት 10 ዓመት። ጉድለት ስታዩ በስልክ ብቻ አትናገሩ። በጽሑፍ አሳውቁ፤ ሕጉ ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው የሚሰጣችሁ። እኔ በስልክ እያወራሁ ጊዜዬን አቃጠልኩ። እናንተ አታቃጥሉ። የመጀመሪያው ክረምት ፈተናችሁ ነው። በጣም በሚበርድባት ሌሊት በባዶ እግራችሁ ቤቱን ዙሩት።

ጣሪያ ላይ የሚሠራውን በረዶ፣ አይስ ዳም የሚሉትን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብዙ ሰው የጣሪያው ክዳን ችግር ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ሙቀት ወደ አቲክ ሾልኮ በረዶውን ከሥር ሲያቀልጠው ነው። ውሃው ወርዶ ቀዝቃዛው ጠርዝ ላይ ይረጋል። ግድብ ይሠራል። ከኋላው የሚጠራቀመው ውሃ ወደ ቤት ይገባል። ይህም የስንጥቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ያን ማታ ለወንድሜ ያልኩት አንድ ነገር ነው። «የትኛውን በኋላ መልሰህ ልታገኘው ትችላለህ? የትኛውን አትችልም?» አቲክ ላይ ምንጊዜም ይወጣል። ከአምስት ዓመት በኋላ ገንዘብ ሲኖርህ ከላይ ታስነፋበታለህ፤ በአንድ ቀን ያልቃል። የ900 ዶላሩን ነገር ለዚህ ተወው። ግድግዳ ግን አንዴ ከተዘጋ ተዘጋ። የቤዝመንቱ፣ ማለትም የምድር ቤቱ፣ ወለል ኮንክሪት አንዴ ከፈሰሰ ማንም አያነሳውም። ከጋራዥ በላይ ያለ ወለል፣ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ ክፍል፣ ወለሉ መሠረቱ ላይ የሚያርፍበት ዙሪያ፣ እሱ ሪም ጆይስት ይባላል፣ እነዚህ ሁሉ ከተዘጉ በኋላ በመዶሻ ነው የሚከፈቱት። ብራችሁን እዚያ አውሉት።

ቤዝመንቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛን ኑሮ ስለማውቀው። ቢልደሩ ቤዝመንት ማለት ዕቃ ማስቀመጫ ነው ብሎ ያስባል። እኛ ዘንድ ግን እናታችን ከአገር ቤት ስትመጣ የምትተኛበት ነው። ማኅበር የሚጠጣበት ነው። ሁለተኛው ኩሽና እዚያ ነው። እና እናታችን ደረጃ ወርዳ ስድስት ወር ኮንክሪት ላይ ትቀመጣለች። ምንጣፍ ቢነጠፍም ከሥር ቀዝቃዛ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ሁለት ኢንች ፎም ከሥር ቢነጠፍ አር 10 ነው። ኮዱ ለእንዲህ ያለ ጥልቅ ወለል አያስገድድም። ስለዚህ ካልጠየቃችሁ አይደረግም። በጋዝ ሂሳብ ብቻ ካሰላችሁት ላያዋጣ ይችላል። እኔ ግን ለእናቴ እግር ብዬ አደርገዋለሁ፤ እናንተም ብታደርጉት ደስ ይለኛል። ሁሉም ነገር በቴርም አይለካም።

አንዲት እህት ከመጀመሬ በፊት በር ላይ አግኝታኝ «ቤቱን እንዲህ ከደፈናችሁት አይታፈንም ወይ?» ብላኛለች። ትልቅ ጥያቄ ነው። ይታፈናል፤ አየር የሚቀይር ነገር ከሌለው። የሚኒሶታ ኮድ አዲስ ቤት የሚያስገባና የሚያስወጣ የአየር ማናፈሻ እንዲኖረው ይጠይቃል። ጥሩዎቹ የሚወጣውን አየር ሙቀት ለሚገባው ያስረክባሉ። ግን መሣሪያው የተሰላው በሚቀቅልና በሚጠብስ ተራ ቤተሰብ ነው። እኛ ደግሞ እንጀራ እንጋግራለን። አንድ ቀን ሙሉ ምጣድ ላይ ሊጥ ስታፈሱ የሚወጣው እንፋሎት ብዙ ነው። ቁሌቱ አለ። በጥር ወር ያ እንፋሎት መስኮቱ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ከዚያ ጥግ ጥጉ ሻጋታ ይጀምራል። ስለዚህ የቤዝመንት ኩሽና ካሰባችሁ ጭሱን በቧንቧ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ጠንካራ ፋን አሁኑኑ፣ ግድግዳው ሳይዘጋ አስገቡ። ማጣሪያ ብቻ ኖሮት አየሩን እዚያው የሚመልሰውን አትቀበሉ።

እና ከሰል። እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ። ለቡናም ለዕጣንም ቤት ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ። አገር ቤት በቆርቆሮው ሥር፣ በበሩ ሥር፣ በየቀዳዳው አየር ይገባ ነበር። እዚህ የደፈንነው ቤት ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይዱ መውጫ የለውም። አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ዕጣኑን በኤሌክትሪክ ማጨሻ አድርጉት። በሚኒሶታ ሕግ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ፊት ውስጥ መኖር አለበት። ባትሪውን ነቅላችሁ ለሪሞት ኮንትሮል አትጠቀሙበት።

ስለሚረጨው ፎም የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ጥሩ ነገር ነው፤ ሞልቶ ይደፍናል፤ ውድም ነው። ሙሉ ቤቱን በሱ ማልበስ አያስፈልጋችሁም። ሪም ጆይስቱ ላይና ከጋራዥ በላይ ካደረጋችሁት ገንዘቡ ቦታውን አግኝቷል።

ቢልደሩ ጋ ስትሄዱ የምትሉትን ልንገራችሁ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ይግባ። አንደኛው፣ ድራይዎል ከመግባቱ በፊት እናንተ ቤቱን የምታዩበት ቀን። ሁለተኛው፣ የብሎወር ዶር ውጤቱ ከ1.5 ወይም ከ2 እንዳይበልጥ፣ ወረቀቱም ለእናንተ እንዲሰጥ። ልኬቱን ለኮዱ ሲሉ ያደርጉታል፤ እናንተ ዝቅ ያለ ቁጥር ነው የምትጠይቁት። አንዳንዱ ቢልደር እሺ ይላል፣ አንዳንዱ ተጨማሪ ይጠይቃል። ጥቂት መቶ ዶላር ከሆነ ስጡ። «አይቻልም» የሚላችሁ ካለ ለምን እንደማይቻል ጠይቁት። አቲኩ ውስጥ ደግሞ በየ300 ስኩዌር ፊቱ የኢንሱሌሽኑን ከፍታ የሚያሳይ ማስመሪያ እንጨቱ ላይ መኖር አለበት። ባትሪ ይዛችሁ ውጡና እዩት። በተነፋ ፋይበርግላስ አር 49 ማለት 18 ኢንች ገደማ ነው። ማስመሪያው 12 ላይ ከታየ ጎድሏል።

ወንድሜና ባለቤቱ የአቲኩን ተዉት። የግድግዳውን ፎም ለሁለት ቀን ተከራከሩበት፤ በመጨረሻ እሱንም ተዉት፤ ጋዝ ነው የሚያሞቃቸው። ከዚያ ገንዘብ ከፍለው የቤዝመንቱን ወለል ፎም አስነጠፉ፤ ከጋራዡ በላይ ያለውን በሚረጭ ፎም አስሞሉ፤ የተረፈውን አልተበደሩትም።

ከአራት ወር በኋላ ደወለ። «ሰኞ ድራይዎል ይገባል» አለ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላችንን እንዳደረግን ሄድን። ግድግዳው በሙሉ በሚያሳይ ፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ ከኋላው ሮዙ ፋይበርግላስ ይታያል። ባለቤቱ በስልኳ እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር አጠገቡ እያስያዘች ፎቶ አነሳች። ሽቦና ቧንቧ የት እንዳለ ኋላ ለማወቅም ይጠቅማል። ላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት ስንደርስ ገንዳው ከውጭ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ቆሟል። ከኋላው ባትሪ አበራሁ። ባዶ ነው። ገንዳውን ያስቀመጠው ሠራተኛ ኢንሱሌሽን ከሚያስገባው ቀድሞ መጥቷል፤ ሁለተኛው ደግሞ ስላልታየው አልፎታል። የመታጠቢያ ቤቱን ፋን ቧንቧ ደግሞ አቲክ ውስጥ ተንጠልጥሎ አገኘነው፤ ወደ ጣሪያው አልተገናኘም። ክረምቱን ሙሉ እንፋሎቱን አቲክ ውስጥ ሊተፋ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ፎቶውን ለሥራ ተቆጣጣሪው ላኩለት። ሰውየው ጨዋ ነበር፤ አልተከራከረም። ገንዳው ገና ስላልታሰረ ወደ ፊት ሳቡትና ከኋላው ሞሉ። ቧንቧውን አገናኙ። እስከ ምሳ ሰዓት አለቀ። ድራይዎሉ ማክሰኞ ገባ። ቤቱ ሲያልቅ እኔው ራሴ ለካሁት፤ 1.4 መጣ። ከጋራዡ በላይ ያለው ክፍል የልጃቸው ነው። ጃንዋሪ ላይ ልጠይቃቸው ሄጄ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ልጁ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቶ በመኪና ይጫወታል።